በዘር መዝገቡ ገጽ ዐርባ አንድ ላይ ስለ ጻፍሁት ሐሰት

ዛሬ እሑድ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ በታች በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ በትራስ ተደግፌ፣ እኔ በላይነሽ አሻግሬ፣ ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ የሆነ፣ የመጨረሻ ፈቃዴን በአራት ምስክሮች ፊት እናገራለሁ። የሚጽፉልኝ ጎረቤቴ አቶ ዚያድ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት ደጃፍ የሰው ማመልከቻ ሲጽፉ ስለ ኖሩ ነገር ማሳመር ይወዳሉ፤ እኔ ግን የተናገርሁትን ሳያሳምሩ እንዲጽፉ፣ በመሐል የሚያቋርጠኝ ሰው ካለም የእሱን ቃል ጭምር እንዳይተዉ ቃል አስገብቻቸዋለሁ።

ልቤ ደክሟል። አእምሮዬ ጤነኛ ነው። ልጄ ዘአማኑኤል ትናንት ሳሎን ውስጥ «እማዬ እኮ አሁን አሁን ትዘባርቃለች» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ጆሮዬም ጤነኛ ነው። ስለዚህ የደም ግፊቴን ልትለካ በየሳምንቱ የምትመጣውን ነርስ ሃሌሉያን ከምስክሮቹ አንዷ እንድትሆን ጠርቻታለሁ። ገና ሳንጀምር፣ «እማማ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አለችኝ። ነገርኋት። «አሁን ያሉት የት ነው?» አለችኝ። «ሁለት የውሻ ማኅበር በሚጣላበት ቤት» አልኋት። ሳቀች፤ ልክ መሆኔንም መሰከረች።

ሁለተኛዋ ምስክር የዕድራችን ሰብሳቢ ወይዘሮ ዳሲቱ ናቸው። ሦስተኛው አቶ ቢራ ናቸው፤ ባለቤቴ የመሠረተው የውሻ አርቢዎች ማኅበር ነባር አባል ነበሩ፤ አሁን ጉልበታቸው ስለማይችል ውሻም ማኅበርም ትተዋል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። አራተኛው ታናሽ ወንድሜ ፍቅሩ አሻግሬ ነው። ከቱሉ ዲምቱ በሁለት ሚኒባስ መጥቶ በሩ አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ይህን ደጃፍ ከረገጠ ሃያ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ምክንያቱን በቦታው እናገራለሁ።

መጀመሪያ ከቤቱ ጉዳይ ልገላገል።

ቤቱና ግቢው ለሁለቱ ልጆቼ ለሩትና ለዘአማኑኤል እኩል ይካፈል። የውሾቹ ማደሪያ ያለበት ጓሮ በሩት ድርሻ በኩል ይሁን። ዘአማኑኤል «ጓሮውማ የማኅበሩ ነው» እንደሚል ዐውቃለሁ። ጓሮው የማኅበሩ ሆኖ አያውቅም፤ ማኅበሩ ጓሮዬ ውስጥ ተሰብስቦ ሻይዬን ሲጠጣ ኖረ እንጂ። ሩት ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው ወዳ እንዳይመስላችሁ። ከውሻ ድምፅ የራቀ ቤት ስትፈልግ ነው እዚያ የደረሰችው። በልጅነቷ የበዓል ሥጋ ቤት ሲገባ አባቷ መጀመሪያ ለውሾቹ ይቆርጥ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ «አባዬ፣ እኔ የምበላው መጨረሻ ላይ መዝገቡ ውስጥ ስላልተጻፍሁ ነው?» አለችው። እሱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። ልጄ ሆይ፣ የውሾቹን ማደሪያ አፍርሰሽ ጎመን ትከዪበት፤ ከፈለግሽም ሲሚንቶ አፍስሺበት። ማንም ቃል አይናገርሽ።

አሁን ወደ ማኅበሩ ልምጣ። እነዚህ ሰዎች ታሪኩን እንዳሻቸው እያጣመሙ በየስልኩ ሲለጥፉት ሰልችቶኛል። ከመጀመሪያው የነበርሁት፣ ሁሉንም የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ተስፋሚካኤል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የባቡር ጣቢያው የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበር። በ1987 ዓ.ም. በአካባቢያችን ፋብሪካ የሚሠራ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት ጀርመን ሼፐርድ ውሾች ሰጠው፤ ወንዱ ሬክስ፣ ሴቷ ዲያና ይባላሉ። የውሾቹ ዘር እስከ ስድስት ትውልድ የተቆጠረበትን ወረቀትም አብሮ ሰጠው። ተስፋሚካኤል የራሱን ዘር ከሦስተኛው አያት በላይ መቁጠር አይችልም ነበር፤ የውሾቹን ወረቀት ግን በመስታወት አስገብቶ ሳሎን ሰቀለው። በዓመቱ፣ በ1988፣ የፈረንጅ ውሻ ያላቸውን ስድስት ወንዶች ሰብስቦ፣ ራሱ ሰባተኛ ሆኖ «የአቃቂና አካባቢው ንጹሕ ዘር ውሻ አርቢዎች ማኅበር»ን መሠረተ።

እኔ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነበርሁ። ከሰባቱ ወንዶች አንዱም አንድ ገጽ ያለ ስሕተት መጻፍ ስለማይችል ደንቡን እኔ ጻፍሁት። ጸሐፊም አደረጉኝ፤ አባል ግን አላደረጉኝም። ደንቡ «አባል ማለት ውሻ ያለው ሰው ነው» ይላል። ውሾቹን የማበላው እኔ፣ የማጥባቸው እኔ፣ ሲወልዱ አብሬ የማምጠው እኔ ነበርሁ፤ ውሻ ያለው ግን ተስፋሚካኤል ነው። ዐረፍተ ነገሩን በገዛ ጣቴ መትቼ ሳወጣ ምንም አልታየኝም፤ ያናድደኝ የጀመረው ዐሥር ዓመት ቆይቶ ነው።

በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሰበሰቡ ነበር። የማኅተሙ ውሻ ወደ ቀኝ ይይ ወይስ ወደ ግራ በሚለው ብቻ ሁለት እሑድ ተከራክረዋል።

እዚህ ላይ አቶ ቢራ፣ «ሦስት እሑድ ነው» አሉ።

ሦስት እሑድ ተብሎ ይታረም።

ጥቁር ልባስ ያለውን ትልቁን መዝገብ የምይዘው እኔ ነበርሁ። ቡችላ በተወለደ ቁጥር ቀኑን፣ የእናቱን ስም፣ የአባቱን ስም፣ መልኩን እጽፋለሁ። መዝገቡ ውስጥ የሌለ ውሻ ለማኅበሩ ውሻ አይደለም። ከባሕር ዛፍ አጥራችን ማዶ ይኖሩ የነበሩት ኦቦ ሮሪሳ ግን መቻል የሚባል ቡናማ የሐበሻ ውሻ ነበራቸው። ኦቦ ሮሪሳ የዚህ አገር ነባር ገበሬ ነበሩ፤ መሬታቸው በፋብሪካና በመኖሪያ ቤት ተበልቶ ጓሮ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። የማኅበሩ አባላት መቻልን ባዩት ቁጥር ድንጋይ ያነሡ ነበር። ኦቦ ሮሪሳ ይህን አጥር ላይ ተደግፈው ያያሉ፤ አንድም ቀን ተቈጥተው አያውቁም።

በ1993 ጥቅምት ላይ ሬክስን የፈረስ ጋሪ ገጨውና የኋላ እግሩ ተሰበረ። ወንድሜ ፍቅሩ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር፤ ገበያው አጠገብ ትንሽ ክሊኒክ ነበረው፤ በማኅበሩም አራተኛ አባል ነበር። እግሩን በእንጨት ደግፎ በጨርቅ አሰረለት፤ ሬክስም ሁለት ወር ሙሉ ዕቃ ቤት ውስጥ ተጋድሞ ሰነበተ። ዲያና ለስሪያ የደረሰችው በዚያው ኅዳር ነው። አንድ ጠዋት ልብስ እያጠብሁ ቀና ስል መቻል አጥሩን ዘሎ ከዲያና ጋር አየሁት። የሳሙናውን ውሃ በባልዲ ደፋሁባቸው፤ ከምንም አልቈጠሩትም። ኦቦ ሮሪሳ ከአጥር ማዶ እየሳቁ፣ «በላይነሽ፣ ተያቸው! እግዜር ያጋጠመውን ውሃ አይለየውም!» አሉኝ።

ጥር ላይ ዲያና አራት ቡችሎች ወለደች። ኦቦ ሮሪሳ በጣሳ ወተት ይዘው መጡ። «ለአራሷ ነው» አሉኝ፤ «ከአራቱ አንዱንም ስጡኝ፤ የልጅ ልጄ ነው።»

«ኦቦ ሮሪሳ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው! ባሌ እንዳይሰማ» አልኋቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «ውሻዬ አሳፈራችሁ እንዴ?»

ወተቱን አስቀመጡና፣ «እሺ፤ ከአፌ አይወጣም» ብለው ሄዱ። እስኪሞቱም አልወጣም። ቡችላም አልሰጠኋቸውም።

ለምን እንደ ዋሸሁ ልናገር፤ ሰበብ አይደለም። ተስፋሚካኤል ጡረታ ከወጣ አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። ባቡሩም ቢሆን በሳምንት አንዴ ብቅ ቢል ነው። ሰውዬው ጢሙን ሳይላጭ ሐዲዱን ሲያይ ይውላል። ዲያና የወለደች ዕለት ግን ተላጨ፤ የጣቢያውን ካፖርት ለበሰ። «ጽፈሽዋል?» አለኝ። ሬክስ ተጋድሞ እንደ ነበር እሱም ያውቃል፤ «ከመገጨቱ በፊት ይሆናል» አለ። ውሻ የሚያረግዘው ሁለት ወር ብቻ ነውና ወሩን ቢቈጥረው እንደማይሆን ያገኘው ነበር፤ አልቈጠረም፤ እኔም አላስቈጠርሁትም። ገጽ ዐርባ አንድ ላይ «አባት፦ ሬክስ» ብዬ ጻፍሁ።

ከአራቱ አንዷ ንግሥት ነበረች። በ1994 ግንቦት በኳስ ሜዳው በተደረገው የማኅበሩ ውድድር ከዐሥራ አንድ ውሻ አንደኛ ወጣች። ከመሐል ከተማ የተጋበዘው ዳኛ ደረቷን ዳብሶ፣ እግሯን አንሥቶ አይቶ፣ «ይኸውላችሁ፣ ንጹሕ ዘር ማለት ይህ ነው!» አለ። ኦቦ ሮሪሳ ከሜዳው ዳር ቆመው ነበር። ሳቃቸውን ለማፈን ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ሲከቱ ከሩቅ አየሁ። ተስፋሚካኤል ዋንጫውን ተቀብሎ አለቀሰ። ጣቢያው በሠላሳ ዓመት አገልግሎቱ አንድ የምስክር ወረቀት እንኳ አልሰጠውም ነበር።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ማን ይጎዳ ነበር? ግን ማኅበር ነውና አላበቃም። ከዚያ ወዲያ ማንኛዋም የአባል ውሻ ከንግሥት ወንድሞችና ከንግሥት ልጆች በስተቀር ከሌላ እንዳትገናኝ ሊወስኑ ተነሡ። ፍቅሩ ይህን ሰምቶ ወደ እኔ መጣ። ማድ ቤት ቆሜ ሽንኩርት ስከትፍ ነበር።

«እትዬ» አለኝ፤ «የሬክስን እግር ያሰርሁት እኔ ነኝ። እነዚያ ቡችሎች የእሱ አይደሉም። አጥራችሁን የሚዘል ደግሞ መቻል ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«መዝገቡን አስተካክይው። ንግሥት ጠንካራ የሆነችው በመቻል ነው፤ ይኼ አያሳፍርም። ንጹሕ ነው እያላችሁ ወንድምና እኅት ስታጋቡ ግን ከጥቂት ትውልድ በኋላ ወገባቸው ይሰበራል፤ በኋላ እግራቸው መቆም ያቅታቸዋል።»

«አንተ የውሻ ወገብ ያሳስብሃል፤ የእኔ ባል ወገብ የቆመው በዚያች ዋንጫ ነው። ዝም በል!» አልሁት።

ዝም አላለም። ሐምሌ ላይ በስብሰባው ተነሥቶ ሁሉንም ተናገረ። ተስፋሚካኤል ወደ እኔ ዞሮ፣ «በላይነሽ፣ መዝገቡን አንብቢ» አለኝ።

ገጽ ዐርባ አንድን ገልጬ፣ «እናት፦ ዲያና፤ አባት፦ ሬክስ» ብዬ አነበብሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ትንሽ እንኳ ቢንቀጠቀጥ ምን ነበረበት!

ፍቅሩ እነሱን አላየም፤ እኔን ብቻ አየኝ። «እትዬ፣ ሌላ የምትዪው የለም?»

«የለም» አልሁ።

ስድስት እጅ ወጣ። «ወንድም ፍቅሩ አሻግሬ በሐሰት ወሬ የማኅበሩን ክብር ስላጎደፈ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብቷል» የሚለውን ቃለ ጉባኤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። የእጅ ጽሑፌ ማማሩ!

አቶ ቢራ እዚህ ላይ ከወንበራቸው ተነሡና፣ «ከስድስቱ እጅ አንዱ የእኔ ነበር። ይጻፍልኝ» አሉ። «ያመንሁት መዝገቡን አልነበረም። የተስፋሚካኤልን ፊት አይቼ ነው ያነሣሁት።» ተጽፏል። ፍቅሩ ወለሉን እያየ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። ውሻ ያለው ሰው ሁሉ ፍቅሩን መጥራት ተወ፤ ውሻ ያለው ከተወው ላም ያለውም ጠረጠረው። «የገዛ እኅቱ ያጋለጠችው» ይባል ጀመር። በስድስት ወር ክሊኒኩን ዘግቶ ከዚህ ሰፈር ወጣ፤ እስከ ጡረታው የዶሮ በሽታ ሲያክም ኖረ። እናታችን ስትሞት ሐዘን የተቀመጥነው አንድ ድንኳን ውስጥ ሆኖ በሁለት ወገን ነበር። እናታችን ይህን ከምታይ ቀድማ መሞቷ ተመስገን ነው፤ ግን እኮ ያው ለእሷ ነው ድንኳኑ የተተከለው።

ተስፋሚካኤል በ2009 ዓ.ም. ጥር ወር አልጋ ያዘ። ማክሰኞ ዕለት ሾርባ ሳጎርሰው፣ «ንግሥት የሮሪሳን ውሻ ትመስል ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ መለስሁት። «መቼ ዐወቅህ?»

«ዋንጫውን ስቀበል። ሮሪሳ ጋቢውን ሲጎርስ አየሁት። ቤት ገብቼ ወሩን ቈጠርሁ።»

«ታዲያ በዚያ ስብሰባ ላይ ለምን አስነበብኸኝ?»

«አላነብም የምትዪ መስሎኝ። ስታነቢው ጊዜ፣ ለእኔ ብለሽ ይህን ያህል ከሄድሽ በሰው ፊት ላሳፍርሽ አልወደድሁም።»

እስቲ ፍረዱ። እኔ ለእሱ ስል፣ እሱ ለእኔ ሲል፣ ዐሥራ አምስት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን አንድ ውሸት ስንደባበቅ፣ ወንድሜ በመሐላችን ተጣለ። «ፍቅሩን ጥሪልኝ» አለኝ። እሑድ እጠራዋለሁ አልሁ፤ ይቅርታ በሥራ ቀን የማይጠየቅ ይመስል። ዐርብ ዐረፈ። ፍቅሩ ለቀብር መጥቶ ከኋላ ቆሞ አየሁት፤ ያን ጊዜም አልነገርሁትም። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት አልፏል። በሰው ላይ ያለኝን ንዴት ሁሉ ብሰበስበው በራሴ ላይ ካለኝ አይደርስም።

ማኅበሩ ደግሞ በ2013 ለሁለት ተሰነጠቀ። ምክንያቱ የዘር ጥራት ነው ይላሉ፤ ውሸት ነው። በቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ማን ማንን ያስወጣል በሚል ነው የተጣሉት። ልጄ ዘአማኑኤል ማኅተሙን ይዞ «ነባሩ ማኅበር» ነኝ አለ። ከ1994ቱ ውድድር በኋላ አባል የሆነው አደሴ ግማሹን አባል ይዞ ሳሪስ ላይ «እውነተኛው ማኅበር» ነኝ አለ። ሁለቱም «የንግሥት ዘር» እያሉ የምስክር ወረቀት ያድላሉ። እነዚያ የምስክር ወረቀት ያላቸው ውሾች በሦስት ዓመታቸው ደረጃ መውጣት ያቅታቸዋል። አሁን ግቢዬ ውስጥ ያለችው ሸጊቱ ገና አራት ዓመቷ ነው፤ የኋላ እግሯን እየጎተተች ነው የምትሄደው። ፍቅሩ ያኔ ማድ ቤት ውስጥ የነገረኝ ቃል በቃል ደረሰ።

ባለፈው ሳምንት ልጄና አደሴ በአንድ ሰዓት መጡ፤ ሁለቱም የሚፈረም ወረቀት ይዘው። «እማዬ፣ መዝገቡ የማኅበሩ ነው» አለ ዘአማኑኤል። «የትኛው ማኅበር?» አለ አደሴ። እኔ በመሐል ተኝቼ ከአልጋዬ በላይ ይጯጯሁ ጀመር። ሸጊቱ ድምፅ ሰምታ በደረቷ እየተሳበች ገብታ በሁለቱ እግር መካከል ተጋደመች። አንዳቸውም ዝቅ ብለው አላዩአትም። ወጥተው እንደ ሄዱ አቶ ዚያድን አስጠራሁ፤ ለፍቅሩም ራሴ ደወልሁ። «እትዬ ነኝ» አልሁት። «መቼ ልምጣ?» አለኝ። ሌላ አልጠየቀኝም።

ስለዚህ እንዲህ ይሁን።

የ1994 ዋንጫ ለአደሴ ይሰጥ። በዚያ ውድድር ሁለተኛ የወጣው የእሱ ውሻ ነበር፤ ንግሥት ንጹሕ ዘር ስላልነበረች በደንቡ መሠረት ዋንጫው የእሱ ነበር። «ተዘርፌአለሁ» እያለ ሃያ ሦስት ዓመት አደንቍሮናል፤ እውነቱን ነው። አሁን ዋንጫውን ይዞ ዝም ይበል።

ሸጊቱ ለዘአማኑኤል ትሁን። ለሌላ አሳልፎ አይስጣት፤ አያስወልዳት፤ ራሱ ያብላት፤ ደረጃ ሲሆን ራሱ ይሸከማት። ልጄ ሆይ፣ እወድሃለሁ፤ አባትህን የምትመስለው በመልክ ብቻ ቢሆን ግን እመርጥ ነበር። ለሰው ስለ ዘር ጥራት ስታስረዳ ውሻዋ አጠገብህ ትሁን።

በቀብሬ ላይ የየትኛውም ማኅበር ባነር አይያዝ። ውሻም አይምጣ።

አሁን ወደ መዝገቡ። ነርስ ሃሌሉያ ከቁም ሳጥኑ አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ገጽ ዐርባ አንድን ገለጥሁ። «ሬክስ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝሁት፤ ሐሰቱም እንዲነበብ አላጠፋሁትም። ከሥሩ ይህን ጻፍሁ፦ «አባት፦ መቻል፣ የኦቦ ሮሪሳ ውሻ። በዓይኔ አይቻለሁ። ፍቅሩ አሻግሬ እውነት ተናግሮ ነበር። በላይነሽ።» አራቱም ምስክሮች አይተውታል። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዘገየ እንጂ ተንቀጠቀጠ። የሐምሌ 1994 ቃለ ጉባኤ ሐሰት መሆኑን በዚህ ቃሌ አረጋግጣለሁ።

መዝገቡ ለወንድሜ ለፍቅሩ ይሁን አልሁ።

አቶ ዚያድ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ወይዘሮ በላይነሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በኑዛዜ የሚሰጠው ነገር ያለ ሰው ለኑዛዜው ምስክር አይሆንም። ሁለቱ አንድ ላይ ከሆኑ ነገ ሰበብ ይፈልጉበታል።»

«እንግዲህ! ይህን እስከ አሁን ይዘውት ነው?» አልሁ።

«ለእሱ እንደሚሰጡ በምን ዐውቃለሁ?»

ወይዘሮ ዳሲቱ፣ «ታዲያ ምን ያስጨንቃል? እሱ ይውጣና ሌላ ምስክር እንጥራ። ሰፈሩ ሙሉ ሰው ነው» አሉ።

ፍቅሩ ከገባ ጀምሮ ሰላምታ ብቻ ነበር የተናገረው። ከበርጩማው ሳይነሣ፣ «አልወጣም» አለ።

«አንተ ልጅ፣ መዝገቡ እኮ ያንተ ሊሆን ነው!» አልሁት። ስድሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ልጅ አልሁት።

«ለማን እንደምትሰጪው አንቺ ታውቂያለሽ፣ እትዬ። መዝገብ አልፈለግሁም። ያን ጊዜ ሰባት ሰው ተቀምጦ አንድ የሚመሰክርልኝ አጣሁ። እኔ ላንቺ መስክሬ ልሂድ።»

ሃሌሉያ የደም ግፊቴን ልለካ ብላ ተነሣች፤ «ተቀመጪ፤ ከፍ ማለቱን እኔም ዐውቃለሁ» አልኋት። ከዚያ ለቅሶዬን ጨርሼ ቀጠልሁ።

እንግዲያውስ መዝገቡ ለአለሚቱ ሮሪሳ ይሰጥ፤ የኦቦ ሮሪሳ ልጅ ናት፤ በአባቷ ቦታ ከአጥሩ ማዶ ትኖራለች። ተጠርታ መጥታ ይህ ሲነገራት፣ «እትዬ፣ እኔ ያለኝ እኮ ድመት ነው! ምን አደርግበታለሁ?» አለች።

«ምንም አታድርጊበት። አስቀምጪው። ከነባሩም ሆነ ከእውነተኛው ማኅበር የዘር ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ደጅሽን አንኳኩቶ፣ ተቀምጦ፣ ገጽ ዐርባ አንድን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልሽ። የአባትሽን ስም ሳይጠራ ወረቀት አይጻፍለት።»

አለሚቱ መዝገቡን በነጠላዋ ጠቀለለችው። «አባባ ይህን ቢሰማ ጋቢውን ይውጠው ነበር» አለች። እሷም ታውቅ ነበር ማለት ነው። ይህ ሰፈር ሁሉ ያውቅ ነበር ይሆን? ምን ዋጋ አለው!

ከዚህ በቀር የምናዘዘው የለኝም። ከዚህ በፊት በማንም ፊት የተናገርሁት ወይም የፈረምሁት ሌላ ኑዛዜ የለም፤ አለ የሚል ቢመጣ ሐሰተኛ ነው፤ ሐሰትን እኔ ዐውቃታለሁ። ልጆቼ ተጣልታችሁ አንድ ድንኳን ውስጥ ሁለት ወገን እንዳትቀመጡ። ብትቀመጡ ግን ከማን እንደ ተማራችሁት ዐውቃለሁና አልረግማችሁም።

ይህ ቃል በእኔና በአራቱ ምስክሮች ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፅ ወጥቶ ተነቧል። የተናገርሁት ነው፤ አልተጨመረበትም፤ አልተቀነሰበትም። እዚያው በዚያው ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ በላይነሽ አሻግሬ (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ዚያድ (ፊርማ)። ምስክሮቹ ስማቸውንና ማንነታቸውን በገዛ እጃቸው እንዲጽፉ ጠይቄ እንደሚከተለው ጽፈዋል፦

፩ኛ ሃሌሉያ፣ ነርስ። ተናዛዧ በሙሉ አእምሮ ናቸው። (ፊርማ)

፪ኛ ዳሲቱ፣ የዕድር ሰብሳቢ። (ፊርማ)

፫ኛ ቢራ፣ የቀድሞ የማኅበሩ አባል። (ፊርማ)

፬ኛ ፍቅሩ አሻግሬ፣ ወንድሟ። (ፊርማ)